የካሜራን መቆጣጠሪያዎች በእጅ መምራት፦ ለጀማሪ የጤና ባለሙያ የክሊኒክ ፎቶግራፍ መግቢያ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ከአሶሳ ከተማ ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ የሚሠራ አንድ ጤና መኮንን በምሳሌነት ይወሰድ። አንድ ረፋድ ላይ አንድ ወጣት ገበሬ ከወጡ ወራት ያስቆጠሩ፣ ከቀሪው ቆዳ ፈዘዝ ያሉ ሁለት ምልክቶችን በክንዱ ይዞ ይመጣል። ጤና መኮንኑ ምልክቶቹን በጥጥ ጫፍ ሲነካ ወጣቱ መነካቱን አይለይም። ጤና መኮንኑም የሥጋ ደዌን ይጠረጥርና ሩቅ ሆስፒታል ከሚሠራ የቆዳ ሐኪም ምክር ለመጠየቅ ፎቶግራፍ ያነሣል። ካሜራው ፍላሹን በራሱ ያበራል፤ ምስሉም ብሩህና ጥርት ያለ ሆኖ ይወጣል። ይሁን እንጂ በምስሉ ላይ የሚታየው ወጥ ሆኖ የነጣ ክንድ እንጂ በዓይን የታየው ምልክት አይደለም። ምስሉ የደረሰው ሐኪም ቆዳው ጤናማ እንደሚመስል ቢመልስ አይፈረድበትም። ወጣቱ ግን ነርቮቹ ከመጎዳታቸው በፊት መጀመር የነበረበት ሕክምና ይዘገይበታል።

በዚህ ምሳሌ ካሜራው አልተበላሸም። ማንም ስላልነገረው የራሱን ግምት ወስዷል፤ ግምቱም ከታካሚው ቆዳ ጋር አልተስማማም። በክሊኒክ ፎቶግራፍ የካሜራን መቆጣጠሪያዎች በእጅ መምራት የሚያስፈልገው ለምስል ውበት ተብሎ ሳይሆን፣ ምስሉ በዓይን የታየውን እንዲመሰክርና ዛሬ የተነሣው ከወር በኋላ ከሚነሣው ጋር በትክክል እንዲነጻጸር ነው። ይህ ጽሑፍ ካሜራን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጅ ለሚመራ የጤና ባለሙያ የዋና ዋና መቆጣጠሪያዎችን አሠራር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚያጋጥሙ የብርሃን ሁኔታዎችን፣ የመለማመጃ ቅደም ተከተልንና የታካሚን መብት አጠባበቅ ያስረዳል።

ፎቶግራፍና ሕክምና

ፎቶግራፍ ከተፈለሰፈ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሕክምናው ዓለም ገብቷል። ፈረንሳዊው ሐኪም አልፍሬድ ዶኔ ከሊዮን ፉኮ ጋር ሆኖ በማይክሮስኮፕ የተነሡ ምስሎችን የያዘ አትላስ እ.ኤ.አ. በ1845 አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1868 ደግሞ አርዲና ሞንሜዣ በፓሪስ የቅዱስ ሉዊ ሆስፒታል የቆዳ ሕሙማንን ፎቶግራፎች በመጽሐፍ አሰባስበው አውጥተዋል። ከብዙ የሕክምና ዘርፎች ይልቅ የቆዳ ሕክምና በዓይን በሚታይ ምልክት ላይ ስለሚመሠረት፣ ፎቶግራፍ በዚህ ዘርፍ ቀድሞ ሥር መስደዱ አያስገርምም።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልልም የዚህ ፋይዳ ግልጽ ነው። የሥጋ ደዌ ፈዛዛ ምልክት፣ ኦንኮሰርካይሲስ በቅልጥም ላይ የሚተወው የነብር ቆዳ የመሰለ ዝንጉርጉር መንጣት፣ ሥር የሰደደ የእግር ቁስል፣ ቃጠሎና የትራኮማ ፎሊክሎች ሁሉ በምስል ሊመዘገቡ ይችላሉ። ክልሉ ሰፊ፣ ስፔሻሊስቱም ጥቂት በመሆኑ፣ አንድ ትክክለኛ ምስል ታካሚውን ከረጅም ጉዞ ሊያድነው፣ ወይም አስፈላጊውን ጉዞ ሳይዘገይ እንዲጀምር ሊያደርገው ይችላል።

ሦስቱ መቆጣጠሪያዎች በዓይን ምሳሌነት

የዓይንን አሠራር ለሚያውቅ የጤና ባለሙያ ካሜራ ባዕድ መሣሪያ አይደለም። ወደ ምስሉ የሚደርሰው ብርሃን እንደ መድኃኒት መጠን ሊታሰብ ይችላል፤ ሲያንስ ምስሉ ይጨልማል፣ ሲበዛ ይነጣል። ይህን መጠን የሚወስኑት አፐርቸር፣ የሸተር ፍጥነትና አይ.ኤስ.ኦ. የተባሉት ሦስት መቆጣጠሪያዎች ናቸው።

አፐርቸር በሌንሱ ውስጥ የሚገኝ፣ እንደ ዓይን ብሌን የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ ነው። መጠኑ «ኤፍ» በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩም የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ነው። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 4 ላይ የቀዳዳው ስፋት 12.5 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 8 ላይ ደግሞ 6.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው እንደሚጠብ ጀማሪው ሊያስተውል ይገባል። የተለመደው ቅደም ተከተል 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 ሲሆን፣ ከአንዱ ወደሚቀጥለው በተሄደ ቁጥር የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ፎቶ አንሺዎች ይህን የእጥፍ ወይም የግማሽ ለውጥ አንድ «ስቶፕ» ይሉታል።

አፐርቸር ከብርሃን መጠን በተጨማሪ በጥራት የሚታየውን ጥልቀት ይወስናል። የማየት ችሎታ ሲመረመር በጠባብ ቀዳዳ እንዲያይ የተደረገ ሰው ብዥ ያለበት ፊደል እንደሚጠራለት ሁሉ፣ የካሜራው ቀዳዳ ሲጠብም ከፊትና ከኋላ ያለው አካል አብሮ ይጠራል። በቅርበት ሲነሣ ይህ እጅግ ወሳኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ቀላል የትራኮማ ደረጃ አሰጣጥ መሠረት፣ በላይኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቢያንስ 0.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው አምስትና ከዚያ በላይ ፎሊክሎች መገኘት አለባቸው። ይህን ገጽ በሰፊ ቀዳዳ በቅርበት ያነሣ ባለሙያ ጥርት ብሎ የሚያገኘው ጥቂት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ብቻ ነው፤ ሁለት ፎሊክሎች ታይተው ሦስቱ በብዥታ ውስጥ ሊሰወሩ ይችላሉ። ስለሆነም ለቅርብ ምስል ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 16 ያለው ተመራጭ ነው። ከዚያ በላይ ማጥበብ ብርሃኑ በቀዳዳው ጠርዝ ስለሚበተን ምስሉን መልሶ ያለሰልሰዋል።

ሸተር እንደ ዓይን ቆብ የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ ነው። የሚከፈትበት ጊዜ በሰከንድ ክፍልፋይ ይለካል፦ 1/30፣ 1/60፣ 1/125፣ 1/250 እያለ ይቀጥላል። ጊዜው ሲረዝም ብርሃን ይበዛል፤ ነገር ግን የባለሙያው እጅ ወይም የታካሚው አካል ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይደበዝዛል። ካሜራን በእጅ ይዞ ለሚያነሣ ሰው የተለመደው መነሻ የሸተሩ ክፍልፋይ ከሌንሱ የትኩረት ርዝመት እንዳያንስ ማድረግ ነው፤ ለ100 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢያንስ 1/100 ወይም 1/125 ሰከንድ ማለት ነው። በጣም በቅርበት ሲነሣ ጥቂቷ የእጅ መንቀጥቀጥ ስለምትጎላ ከዚህም የፈጠነ ጊዜ ወይም ማስደገፊያ ያስፈልጋል። ለሚያለቅስ ሕፃን ደግሞ 1/250 ይሻላል።

አይ.ኤስ.ኦ. ካሜራው ለብርሃን የሚኖረውን ትብነት የሚያሳይ ቁጥር ሲሆን፣ ሬቲና ጨለማን ሲለማመድ ከሚያሳየው ለውጥ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ከ100 ወደ 200፣ ከ200 ወደ 400 ሲጨመር ምስሉ በየደረጃው በአንድ ስቶፕ ይደምቃል። ክፍያው ግን በምስሉ ላይ እንደ አሸዋ የሚበተን ነጠብጣብ ነው። ትናንሽ ሽፍታዎችን ለማሳየት በተነሣ ምስል ላይ እንዲህ ያለው ነጠብጣብ አሳሳች ሊሆን ስለሚችል፣ አይ.ኤስ.ኦ. ሥራው የሚፈቅደውን ያህል ዝቅ ብሎ መያዝ አለበት።

ሦስቱ እርስ በርሳቸው ይተካካሉ። በአይ.ኤስ.ኦ. 400፣ በኤፍ 8 እና በ1/125 ሰከንድ የተነሣ ምስል የሚያገኘው ድምቀት፣ በዚያው አይ.ኤስ.ኦ. በኤፍ 11 እና በ1/60 ከሚገኘው ጋር በተግባር እኩል ነው። አፐርቸሩ የቀነሰውን አንድ ስቶፕ ሸተሩ መልሷል። ይህን የመስጠትና የመቀበል ሥርዓት የተረዳ ጀማሪ ትልቁን ምዕራፍ ተሻግሯል፤ የቀረው ለየትኛው ሥራ የትኛው መቅደም እንዳለበት መወሰን ነው። በክሊኒክ ሥራ ቅድሚያው አብዛኛውን ጊዜ የአፐርቸሩ ነው።

የብርሃን መለኪያውና ጥቁር ቆዳ

የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚነሣው ከፊቱ ያለው ነገር በአማካይ 18 በመቶ ያህል ብርሃን የሚመልስ ግራጫ ነው ከሚል ግምት ነው። ዘመናዊ ካሜራዎች በዚህ ላይ ፊትን የመለየትና ሌሎች ስሌቶችን ቢጨምሩም መነሻው አልተለወጠም። ካሜራው ከግራጫው የጠቆረ ነገር ሲገጥመው ያነጣዋል፤ ከግራጫው የነጣ ሲገጥመው ያጠቁረዋል። በጣም ጥቁር የሆነ ክንድ ምስሉን ሲሞላው ካሜራው ከሚገባው በላይ ብርሃን ይሰጣል፤ በጤናማው ቆዳና በፈዛዛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነትም ይጠባል። በተቃራኒው ሰፊ ነጭ ፋሻ በምስሉ ውስጥ ካለ ካሜራው ሁሉንም ያጨልማል፤ በፋሻው መካከል ያለው ቁስልም ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል። ሕይወት ያለው ቀይ ሥጋና የሞተ ጥቁር ሥጋም ሊለዩ አይችሉም።

ጥቁር ቆዳ በፎቶግራፍ ዘንድ መዘንጋቱ የቆየ ታሪክ አለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያቀርበው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል የታተመበት ነበር፤ ካርዱም በሴቲቱ ስም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የእርሷ ቆዳ ትክክል እስከ ወጣ ድረስ የቀረው ሁሉ ትክክል ነው ተብሎ ይወሰድ ነበር። በዲጂታል ዘመን ብዙ ቢሻሻልም፣ መሣሪያው በሚሰጠው ውጤት ላይ ብቻ አለመተማመን ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ተገቢ ጥንቃቄ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለፎቶግራፍ የሚሸጠውን ግራጫ ካርድ ታካሚው በሚቀመጥበት ብርሃን ላይ አድርጎ፣ መለኪያውን በካርዱ ላይ አንብቦ፣ ቁጥሮቹን «ኤም» በሚለው የእጅ ሥርዓት ላይ ማጽናት ነው። ከዚያ በኋላ ካርዱ ይነሣል፤ ቁጥሮቹ ግን አይለወጡም። ካርዱ በሌለበት የባለሙያው መዳፍ ሊያገለግል ይችላል። የብዙ ሰው መዳፍ፣ የቀረው ቆዳ ምንም ቢጠቁር፣ ከግራጫ ካርዱ በአንድ ስቶፕ ያህል የፈካ ነው። ስለዚህ መዳፍ ላይ ከተነበበው አንድ ስቶፕ ብርሃን ይጨመራል። እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን መዳፍ ከካርድ ጋር አንድ ጊዜ አመሳክሮ ልዩነቱን ማስታወስ አለበት። ሁለቱም ካልተቻሉና ጥቁር ቆዳ ምስሉን ከሞላው፣ ከመለኪያው ንባብ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ መቀነስ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ምስሉ ከተነሣ በኋላ በካሜራው ስክሪን ድምቀት ብቻ መፍረድ አያስተማምንም፤ በቀትር ፀሐይ ሁሉም ጨለማ፣ በጨለማ ክፍል ሁሉም ብሩህ ይመስላልና። ሂስቶግራም የተባለው ሥዕላዊ መግለጫ ይበልጥ ይታመናል። ክምሩ ከቀኝ ጠርዝ ጋር ከተጣበቀ ብርሃን በዝቶ ዝርዝር ጠፍቷል፤ ከግራ ጠርዝ ጋር ከተጣበቀ ዝርዝሩ በጨለማ ተውጧል ማለት ነው።

የብርሃን ቀለምና አቅጣጫ በአሶሳ

አሶሳን የሚያውቅ ሁሉ የማንጎ ዛፎቿን ያስታውሳል። በሙቀት ጊዜ ታካሚን በማንጎ ጥላ ሥር ማየት ለሁሉም ይመቻል፤ ለፎቶግራፍ ግን ወጥመድ አለው። በቅጠሎቹ ውስጥ ያለፈና ከቅጠሎቹ የተመለሰ ብርሃን አረንጓዴነት አለው። ሰው ጥላ ሥር ሲቀመጥ አእምሮው ቀለሙን ስለሚያርመው አይታወቀውም፤ ካሜራው ግን ይመዘግበዋል። በዚህ ብርሃን የተነሣ ታካሚ የደም ማነስ ወይም የቢጫነት ምልክት ያለበት ሊመስል፣ የቁስል ዙሪያ መቅላትም ሊደበቅ ይችላል። በሸመል ወይም በቀርከሃ ግድግዳ በተሠራ ቤት ደግሞ በስንጥቆቹ የሚገባው ፀሐይ በቆዳው ላይ መስመር ይሠራል፤ ይህም ከሽፍታ ጋር ሊምታታ ይችላል።

የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። የቀን ብርሃን ወደ 5500፣ የቆየው ባለ ሽቦ አምፖል ወደ 2800 ይደርሳል፤ ጥላ ውስጥ ያለው የሰማይ ብርሃን ከ7000 በላይ ሆኖ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። «የነጭ ሚዛን» የሚባለው የካሜራው ማስተካከያ ይህን ያርማል። በራሱ እንዲወስን ከተተወ ከምስል ወደ ምስል ሊዋዥቅ ስለሚችል፣ ባለሙያው በግራጫ ካርዱ ላይ ለክቶ ሊያጸናው ይገባል። ካሜራው የሚፈቅድ ከሆነ ምስሉን በጥሬ ፋይል መልክ ማስቀመጥ ቀለሙን በኋላ ለማረም ያስችላል።

ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫም ትርጉም አለው። አሶሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ በሚያዝያ ወር መጀመሪያ ሳምንታት የቀትር ፀሐይ በአናት ትክክል ትወጣለች። በዚህ ሰዓት ከቅንድብና ከአፍንጫ ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቃል፤ ላብ ያለበት ቆዳም ያብለጨልጫል። ተመራጩ ቦታ ከሰፊ በረንዳ ጣሪያ ሥር ሆኖ፣ ወደ ሜዳ የተከፈተ፣ ዛፍም ባለ ቀለም ግድግዳም የማይጋርደው ስፍራ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን የቀለምን ልዩነት ያሳያል፤ ከጎን ዝቅ ብሎ የሚመጣ ብርሃን ደግሞ ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ያሳያል። ያበጠ ወይም ጠርዙ ከፍ ያለ ምልክት በሁለቱም ብርሃን ቢነሣ መልካም ነው።

በክፍል ውስጥ በፍሎረሰንት መብራት ሲሠራ ሌላ ጉዳይ ይነሣል። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ዑደት ስላለው የቆየው ዓይነት ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሸተሩ ከዚህ ከፈጠነ አንዱ ምስል ብሩህ፣ ቀጣዩ ጨለማ፣ ወይም ከፊሉ ባለ መስመር ሊሆን ይችላል። 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ መምረጥ ይህን ያስወግዳል።

ፍላሽ መጠቀም ግድ በሚሆንበት ጊዜ ብርሃኑ በርቀት ካሬ እንደሚቀንስ ማስታወስ ያሻል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ አንድ አራተኛ ይሆናል። ባለሙያው ሁልጊዜ በአንድ ርቀት ላይ ቆሞ የፍላሹን ኃይልና አፐርቸሩን ካጸና ውጤቱም አይዋዥቅም። በፍላሹ ፊት ነጭ ስስ ጨርቅ ወይም ወረቀት ማድረግ ነጸብራቁን ያለዝባል። በመግቢያው በተጠቀሰው ዓይነት ፈዛዛ ምልክት ላይ ግን በቀጥታ የተተኮሰ ፍላሽ ቢቀር ይሻላል።

የመለማመጃ ቅደም ተከተል

ልምምድ በታካሚ ላይ አይጀመርም። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ሊሰጥ ይችላል። በደንብ የተቆላ ቡና በምጣድ ላይ ተሰጥቶ፣ ነጭ ሲኒ ደግሞ በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱም በተመሳሳይ ብርሃን በራስ ሰር ሥርዓት ይነሣሉ። ቡናው ግራጫ፣ ሲኒውም ግራጫ ሆነው ሲወጡ የመለኪያው ግምት በተግባር ይታያል። ከዚያም በግራጫ ካርድ ወይም በመዳፍ ተለክቶ፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቁጥር በእጅ ሥርዓት ይነሣሉ፤ ቡናው ጥቁር፣ ሲኒው ነጭ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ልምምድ በልጣጩ ላይ ነጠብጣብ ባለበት የበሰለ ማንጎ ይሠራል። ድብልብል ስለሆነ የአካል ክፍልን ይመስላል። በአንድ ርቀት ሆኖ በኤፍ 4፣ በኤፍ 8 እና በኤፍ 16 እየተነሣ፣ በየጊዜው ሸተሩ ወይም አይ.ኤስ.ኦ. ተስተካክሎ ድምቀቱ እኩል እንዲሆን ይደረጋል። የትኞቹ ነጠብጣቦች ጥርት ብለው እንደቆዩና የትኞቹ እንደጠፉ ይታያል። በቅርበት ሲሠራ የትኩረት ቀለበቱን አጽንቶ ካሜራውን ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ይቀላል። ሦስተኛው ልምምድ በፈቃደኛ የሥራ ባልደረባ እጅ ላይ ሲሆን፣ ዓላማው ዛሬና ነገ የተነሡ ሁለት ምስሎች እንዳይለያዩ ማድረግ ነው።

ለመነሻ ያህል፣ በክፍት ጥላ አይ.ኤስ.ኦ. 400፣ ኤፍ 8፣ 1/125 ሰከንድ፤ መጠነኛ መብራት ባለበት የምርመራ ክፍል ደግሞ አይ.ኤስ.ኦ. 1600፣ ኤፍ 5.6፣ 1/50 ሰከንድ ከማስደገፊያ ጋር መሞከር ይቻላል። እነዚህ ለማስተካከል የሚነሡባቸው እንጂ እንደ ሕግ የሚጸኑ ቁጥሮች አይደሉም። እያንዳንዱ ምስል የተነሣባቸው ቁጥሮች በፋይሉ ውስጥ ስለሚመዘገቡ ስሕተትን መልሶ ማጥናት ቀላል ነው።

ካሜራ የሌለውና በስልክ የሚሠራ ባለሙያም ከዚህ ትምህርት ይጠቀማል። ብዙ ስልኮች አይ.ኤስ.ኦ.፣ ሸተርና የነጭ ሚዛንን በእጅ ለመወሰን ይፈቅዳሉ፤ አፐርቸራቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይለወጥም። ፊትን የሚያስውቡና ቆዳን የሚያለሰልሱ ማስተካከያዎች መጥፋት አለባቸው። የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ በጣም ሲጠጉት ቅርብ የሆነውን አካል ያገዝፋል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ማንሣት ይመረጣል።

የሚነጻጸር ምስል

አንድ የእግር ቁስል በየሳምንቱ ሲነሣ ዋጋው በተከታታይነቱ ነው። ለዚህም ብርሃኑ፣ ርቀቱ፣ ማዕዘኑና የካሜራው ቁጥሮች ሊጠበቁ ይገባል። ካሜራው ከቁስሉ ገጽ ጋር ፊት ለፊት ይሆናል፤ የሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ከቁስሉ ጎን በተመሳሳይ ከፍታ ይቀመጣል። ከጀርባው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የቀዶ ሕክምና ጨርቅ ይዘረጋል። አንድ ምስል ከራቅ ብሎ የአካሉን ክፍል ለማሳወቅ፣ ሌላው ቀርቦ ዝርዝሩን ለማሳየት ይነሣል። በማስታወሻ ደብተር ላይ ቀኑ፣ የካርድ ቁጥሩ፣ ርቀቱና ሦስቱ ቁጥሮች ይጻፋሉ። እነዚህ ካልተጠበቁ ቁስሉ ሳይድን የዳነ፣ ወይም ሳይብስ የባሰ ሊመስል ይችላል።

በክልሉ በበጋ ያለው አቧራና ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቀው ዝናብ ካሜራን ይፈታተናሉ። ሌንስ በአቧራማ ነፋስ ውስጥ መቀየር የለበትም። በዝናብ ወራት ካሜራው እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር በተከደነ ዕቃ ቢቀመጥ ሻጋታ ሌንሱን አይጎዳውም።

የታካሚው መብት

ትክክለኛ ቁጥሮች የመረጠ ባለሙያ ምስሉን የማንሣት መብት በራሱ አላገኘም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለሳይንስና ለትምህርት ጥቅም የተለየ ሁኔታ ቢያስቀምጥም፣ የሙያ ሥነ ምግባር ከዚህ የጠበቀ ነው፤ የታካሚ ምስጢር ይህን በር ተጠቅሞ ሊወጣ አይገባውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃ የተለየ ጥበቃ እንዲደረግለት ያዛል።

ፈቃድ የሚጠየቀው ታካሚው በሚገባው ቋንቋ ነው። በክልሉ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር ስለሚኖሩ አስተርጓሚ ሊያስፈልግ ይችላል። ምስሉ ለምን እንደሚነሣ፣ ማን እንደሚያየው፣ እምቢ ማለት ሕክምናውን እንደማያስቀንስበት ይነገረዋል። ለሕክምና የተሰጠ ፈቃድ ለማስተማሪያ ወይም ለኅትመት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በኩርሙክ በኩል ለገቡ ስደተኞች ደግሞ የፊት ምስል ከሐፍረት ያለፈ የደኅንነት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስፈላጊ ካልሆነ ፊት፣ ንቅሳትና ስም በምስሉ አይገቡም። የሥፍራ መረጃ የሚመዘግበው የስልኩ ማስተካከያ ይጠፋል። ምስሉ ምክር ለሚሰጠው ሐኪም ብቻ፣ ጥራቱ እንዳይቀንስም እንደ ፋይል ይላካል፤ ከዚያም ከግል ስልክ ይሰረዛል።

ማጠቃለያ

ካሜራን በእጅ መምራት ሦስት ቁጥሮችን አውቆ በምክንያት መወሰን ነው። አፐርቸሩ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚታይ፣ ሸተሩ እንቅስቃሴ እንዳያደበዝዝ፣ አይ.ኤስ.ኦ. ደግሞ የጎደለውን ብርሃን በስንት ዋጋ እንደሚሞላ ይወስናሉ። የብርሃን መለኪያው አማካሪ እንጂ ወሳኝ አይደለም፤ በተለይ በጥቁር ቆዳና በነጭ ፋሻ ፊት ሊታረም ይገባዋል።

በመግቢያው የተጠቀሰው ጤና መኮንን ወጣቱን ከክፍሉ አውጥቶ በክፍት በረንዳ ጥላ ቢያስቀምጠው፣ ፍላሹን ቢያጠፋ፣ በመዳፉ ለክቶ ቁጥሮቹን ቢያጸና፣ ሁለቱ ፈዛዛ ምልክቶች በምስሉ ላይ በግልጽ ይታዩ ነበር። ያም ሆኖ ካሜራ የስሜት መጥፋትንም የነርቭ መወፈርንም አያሳይም። ስለዚህ ከምስሉ ጋር የጥጡ ምርመራ ውጤት ተጽፎ መላክ አለበት። ምስሉ የምርመራው አጋዥ ነው፤ ምርመራው ግን የሚጀምረውም የሚጠናቀቀውም በጤና ባለሙያው እጅ ነው።